መሳቅ የደከመው ፊደል

ተረት ልጀምር ነው፤ የሚሰማ ጠጋ ይበል፣ የማይሰማ ለሚሰማው ቦታ ይልቀቅ። «ይሁን» በሉኝ። አላላችሁም? «ይሁን» በሉኝ እንጂ! ሳይፈቀድለት የገባ ተረት እንደ ሌባ ነው፣ አንድ ነገር ሳይሰርቅ አይወጣም። እሺ፣ ብላችኋል። ዛሬ ግን ቀስ ብዬ ነው የምናገረው፤ ተረቱ የድካም ተረት ነውና አታጣድፉኝ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳ ሁሉ አንደበት በነበረው ዘመን፣ ዕቃም ሲነኩት መልስ በሚሰጥበት ዘመን፣ በአንድ ሐይቅ ዳር የእንስሳት ከተማ ነበረች። በከተማዋ መካከል ጦጢት ማተሚያ ቤት ነበራት። ከሐይቁ ደንገል እያጨደች ወረቀት ትሠራለች። ከድስት ቂጥ ጥቀርሻ እየፋቀች ቀለም ትበጠብጣለች። ፊደል እየደረደረች የከተማውን ጉዳይ ሁሉ ታትማለች። እጇ ፈጣን ነው፣ አፏም ፈጣን ነው። «እንቢ» የሚባለውን ቃል ግን አፏ አያውቀውም ነበር፤ ጣጣው ሁሉ የመጣውም ከዚያ ነው።

በቤቱ ውስጥ ሦስት ነባሮች ነበሩ። አንደኛዋ እሜቴ ማተሚያ ናት፤ በወረቀት ላይ በተጫነች ቁጥር «ወይ ወገቤ!» የምትል የብረት አሮጊት። ሁለተኛው ሰበዝ ነው፤ ከቀለጠ እርሳስ የተሠራ ቀጭን ፊደል፣ ከቅጥነቱ የተነሣ በስፌት ሰበዝ ስም የተጠራ። ሦስተኛው ድቡልቡል ነው። ይህ ተረት የእርሱ ነው።

ድቡልቡል ከሀ እስከ ፐ ያለ ሙሉ ፊደል ነው፤ ጦጢት ከዋንዛ ግንድ ጠርባ ነው ያወጣችው። «በ» ጭኑ የወፈረ ነው። «መ» ሁለት ጉንጮቹ ያበጡ ናቸው። «ዐ» ዱባ ነው፣ ሌላ ምን ልበላችሁ። ራሱ ብዙ ነው፣ ልቡ ግን አንድ ነው፤ አንዱ ሲከፋው ሁሉም ይከፋቸዋል። በዚያ ዘመን ደግሞ ፊደል የታተመበት ወረቀት ሁሉ ዓይኑ ነው፤ የተለጠፈበትን ደጅ ከመሳቢያው ሆኖ ያያል። ድቡልቡልን ያየ ሁሉ ሳይወድ በግዱ ፈገግ ይላል፤ ፊቱ የተጠረበው ሲስቅ ነውና።

የተጠረበበትም ምክንያት ነበረው። በዚያች ከተማ ሾላው ሲበስል፣ ሁሉም ሳይጠራ ማንም አይቀምስም። ሕጋቸው ነው። ቀድሞ የሚጠራው ቁራ ነበር፤ ቁራ ሲያረጅ ድምፁ ከሐይቁ ማዶ አልደርስ አለ። ስለዚህ ጦጢት ከሩቅ የሚታይ ፊደል ጠረበች፣ «ሾላ በሰለ» ብላ አተመች፣ በመሻገሪያው ላይ ሰቀለችው።

«ያ ምንድን ነው?» አለች ላም ከማዶ ሆና።

«እኔ ማንበብ አልችልም» አለ ከርከሮ፣ «ግን ሲያዩት ደስ ይላል። ድግስ ሳይሆን አይቀርም።»

እውነትም ድግስ ነበር። ማንበብ የሚችለውም የማይችለውም መጣ፣ በላ፣ ጨፈረ። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ፤ ወፍራሙ ፊደል የታየ ዕለት ማንም ቆሞ አያነብም። ከበሮውን አንግቶ፣ ልጁን አዝሎ ይመጣል። ድቡልቡል ያን ቀን ከልቡ ነው የሳቀው። ደስ ብሎት ነበር፣ በጣም ደስ ብሎት ነበር።

ከዚያስ? ከዚያማ «እኔንም በዚያው!» የሚለው በዛ። ዶሮ ለእንቁላሏ፣ በግ ለፀጉሯ፣ አይጥ ለማታውቀው ነገር ሳይቀር «በወፍራሙ!» አሉ። ጦጢት «እሺ»፣ ጦጢት «እሺ»፣ ጦጢት «እሺ»። ጠዋት ይታተማል፣ ቀትር ይታተማል፣ አመሻሽ ላይ ይታተማል። ሰበዝ በመሳቢያው ውስጥ አቧራ ለበሰ።

አንድ ቀን ጦጢት ለምሳ ሙዝ ፍለጋ ስትወጣ ድቡልቡል ተነፈሰ።

«እሜቴ፣ ደከመኝ።»

«ምን ሆንክና?» አለች እሜቴ ማተሚያ። «የምጫነው እኔ፣ የምሰበረው እኔ! ወይ ወገቤ!»

«መጫኑስ ግዴለም እሜቴ። መሳቁ ነው የደከመኝ። ጠዋት እስቃለሁ፣ ማታ እስቃለሁ። ለምን እንደምስቅ ግን ከተጠየቅሁ መልስ የለኝም።»

ሰበዝ ከመሳቢያው ውስጥ ሳቅ አለ። «የጠገበ ደከመኝ ይላል! እኔ እዚህ አቧራ ስቅም ከረምኩ።»

«እንለዋወጥ ታዲያ?»

«ማን ይለውጠናል?» አለ ሰበዝ። እውነቱን ነው፤ ፊደል በገዛ እግሩ አይሄድም።

በሳምንቱ አባ ጃርት መጣ። አባ ጃርት የከተማው መድኃኒተኛ ነው። ሆድ የሚያጸዳ ቅጠል አግኝቶ አወሳሰዱን ሊያስለጥፍ ነው የመጣው።

«ያን የሚያስቀውን ፊደል አድርጊልኝ» አላት ጦጢትን። «መድኃኒቴ መራራ ነው፤ ፊደሉ እንኳ ይጣፍጥ።»

ድቡልቡል ይህን ሲሰማ ከመሳቢያው ተናገረ። «ጦጢት ሆይ፣ ይህ ረጅም ነገር ነው። እኔ ሰውነቴ ሰፊ ነው፣ ሦስት ቃል ካልኩ ወረቀቱ ያልቅብኛል። ሰበዝ በአንድ መዳፍ ላይ ይጨርሰዋል፤ እርሱን ላኪው።»

«ዝም በል» አለች ጦጢት። «የሚወዱት አንተን ነው።»

አተመች። አንድ ወረቀት ሞላ፣ ሁለተኛ ወረቀት ሞላ፣ በሦስተኛው አለቀ። አባ ጃርትም ሦስቱን ወረቀቶች በሦስት ዛፎች ላይ ለጠፋቸው። በመጀመሪያው ዛፍ ላይ «ይህ ቅጠል ሆድ ያጸዳል» ይላል። በሁለተኛው ዛፍ ላይ «በማለዳ ይበላል» ይላል። በሦስተኛው ዛፍ ላይ «ከአንድ ጉርሻ ያለፈ ወዮለት» ይላል።

ፍየሎች መጡ። ፊደሉን ከሩቅ አይተው ድግስ ነው ብለው እየዘለሉ ነው የመጡት። የመጀመሪያውን ዛፍ አነበቡ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያንብብ! ቅጠሉን እስከ ግንዱ ላጩት። ሦስተኛው ዛፍ ዘንድ የደረሱት በአራተኛው ቀን ነው፣ ያውም እርስ በርስ ተደጋግፈው።

«ይኼንን መጀመሪያ አትነግሩንም ነበር?» አለች አንዷ ፍየል በቀጭን ድምፅ።

አባ ጃርት እሾሁን አቁሞ ማተሚያ ቤት ገባ፣ ጮኸ፣ ወጣ። ጦጢት ደግሞ ወደ ድቡልቡል ዞረች። «አንተ ሆዳም! ወረቀቱን ሁሉ ብቻህን በላኸው!» አለችው። ድቡልቡል ግን ነግሯት ነበር።

አሥራ አምስት ቀን ሳይሞላው ደግሞ ከንጉሥ አንበሳ መልእክት መጣ። በሐይቁ ምሥራቅ ዳር አዞ እንቁላል ጥላ ነበርና ንጉሡ ሕግ አወጣ፤ «የምሥራቁን ዳር የረገጠ ይቀጣል» የሚል። ሕጉንም ይዛ የመጣችው ቀበሮ ናት።

«ጌታዬ ሕጋቸው ከሩቅ እንዲታይ ይፈልጋሉ» አለች።

«ከሩቅ የሚታይማ አለኝ!» አለች ጦጢት።

«ጦጢት ሆይ፣ ስሚኝ» አለ ድቡልቡል። «ከሩቅ መታየቱንስ እታያለሁ። ማስፈራራት ግን አልችልበትም። ከተጠረብኩ ጀምሮ ማንንም አስፈራርቼ አላውቅም። ሰበዝን ደርድሪው፣ እርሱ ኮስተር ያለ ነው።»

«ለንጉሥ እንቢ ይባላል?» አለች ጦጢት፤ አተመችው።

ሕጉ በምሥራቁ ዳር ተሰቀለ። ዝንጀሮዎች ከገደሉ አፋፍ ሆነው አዩት። «እሰይ! ዘንድሮ ድግሱ በምሥራቅ ነው!» አሉ። ከበሮ መቱ፣ ተሰልፈው ወረዱ፣ ሕጉ ሥር ቆመው ጨፈሩ። ከመካከላቸው አንዲት ማንበብ የምትችል ነበረች። «ኧረ ይቀጣል ነው የሚለው!» አለቻቸው።

«ሕጉ ራሱ እየሳቀ እኛ እንፍራ?» አሏት።

አዞዋ ግን አልሳቀችም። አንዱ ዝንጀሮ ጭራውን ለአዞ ትቶ ተመለሰ፤ ዛሬም ድረስ ሲቀመጥ ይቸገራል ይላሉ። ንጉሥ አንበሳም እራሱ ማተሚያ ቤት ድረስ መጣ። ባገሳ ጊዜ ከጣሪያው አቧራ ረገፈ።

«ሕጌን መሳቂያ አደረጋችሁት! ይህ ፊደል ፍየሎችን አሳመመ። ይህ ፊደል የዝንጀሮ ጭራ አስቆረጠ። ሦስተኛ ጥፋት ያየሁ እንደሆነ ለወጥ ቤቴ ማገዶ ነው የሚሆነው። ዋንዛ ደግሞ ጥሩ አድርጎ ይነዳል!»

ጦጢት እስከ መሬት ጎንበስ አለች። ድቡልቡል ግን በተቀመጠበት እየሳቀ ቀረ፤ ሌላ ፊት የለውማ። በልቡ ግን እያለቀሰ ነበር።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ጉንጮቹን ሰብሰብ ለማድረግ ሞከረ። እንጨት እንዴት ይሰብሰብ? ከንፈሩን ዘቅዘቅ ለማድረግ ሞከረ። አልዘቀዘቅ አለው።

«ሰበዝ ወንድሜ» አለ፣ «አንተ እንዴት ነው የምታዝነው? አስተምረኝ።»

ሰበዝ በዚህ ጊዜ አላፌዘበትም። «እኔም አላዝንም እኮ» አለው። «ቀጭን ነኝ፣ አንገቴን ደፍቼ እቆማለሁ፣ የተነገረኝን ብቻ እናገራለሁ። ያዘነ ሲያየኝ ያዘንኩ ይመስለዋል። ይልቅ አንድ ነገር ልምከርህ። ዳግመኛ ያለ ቦታህ የተጠራህ እንደሆነ መሳቢያው ላይ ተጣበቅ። አትነሣላት።»

ድቡልቡል ምክሩን በልቡ ያዘ።

ከዚያ በኋላ አሮጊቷ እመት አህያ ሞተች።

እመት አህያን የማያውቅ አልነበረም። የከተማው ግድግዳ ድንጋይ በጀርባዋ የመጣ ነው። የጦጢት ደንገልም በጀርባዋ የመጣ ነው። ታጋሽ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻት። ታጋሽ ከል ለብሳ፣ በራሷ ላይ አፈር ነስንሳ ማተሚያ ቤት ገባች።

«እናቴ አረፈች» አለች። «ሠፈሩ ይወቅልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ጦጢት ደረቷን መታች። «እኔ ልሙት! እኔ ልቅር! ያቺ እናቴ፣ ያቺ ደንገል ያመላለሰችልኝ! ለእርሷማ ያለኝን ምርጡን ነው የማደርግላት።» ያላት ምርጥ ነገር ደግሞ ማን ነው? አወቃችሁት። ሰው በፍቅር የሚያጠፋውን ጥፋት ማን ያስጥለዋል?

ድቡልቡል መሳቢያው ላይ ተጣበቀ። ጦጢት ሳበችው፣ አልነሣም አለ። ቢላዋ አምጥታ ፈለቀቀችው።

«ጦጢት፣ በሞቴ!» አለ ድቡልቡል። «ማገዶ መሆኑን ፈርቼ አይደለም። ያቺን ልጅ አስቢያት። በዚህ ፊቴ ነው ደጃፏ ላይ የምቆመው?»

«ተይ ልጄ፣ ወይ ወገቤ፣ ተይ» አለች እሜቴ ማተሚያም።

«ለእመት አህያ ያ አቧራ የጠጣ ሰበዝ ይውጣላት?» አለች ጦጢት እንባዋን እየጠረገች። «በቁሟ ያላከበርናት አነሰና?» ይህን ብላ «እመት አህያ አረፈች» የሚለውን አተመች፣ በሐዘንተኛዋ አጥር ላይም ራሷ ሰቀለችው።

ቅርብ ያለው ጎረቤት ለቅሶውን ሰምቶ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። ሩቅ ያለው ግን ለቅሶው አልደረሰውም፤ የደረሰው ፊደሉ ነው። ከማዶ ከበሮ ተሰማ። እልልታ ተሰማ። አያ ጅቦ ከነሚስቱ፣ ከነልጆቹ፣ ከነአማቾቹ እየዘፈነ መጣ። መቼም ንጉሡ ሕግ አውጥቶ ስለነበር ጅብ አህያን አይነካም፤ የጨዋ ጎረቤት ሆኖ ነው የመጣው። የወጥ ሳሕኑንም ከቤቱ ይዟል።

«እንኳን ደስ ያላችሁ!» አለ አያ ጅቦ ገና ከበሩ። «ደግሱ፣ ደግሱ፣ ዘንድሮ ጠገብን! ምን ታረደ?» ግቢውን ማተረና በሰሌን የተጠቀለለችውን አየ። «ያቺ ናት?»

ለቅሶ ላይ ያሉት አፋቸውን ያዙ። ታጋሽ በተቀመጠችበት ጎንበስ አለች፣ ግንባሯ መሬት ነካ።

አንዱ በጆሮው ሹክ ሲለው አያ ጅቦ ክው ብሎ ቀረ። ሳሕኑን ከኋላው ደበቀ። «አፈር በበላሁ» አለ። «እኔ ምን አውቄ? አጥሩ ላይ ሆኖ እየሳቀ ጠራኝ እኮ! እየሳቀ!» ከነቤተሰቡ ወደ ኋላው ወጣ፤ ያ ሁሉ ጅብ ሲሄድ ኮቴው አልተሰማም።

ወረቀቱን የሚያወርድ አልተገኘም፤ ማን ልብ ይበለው። ድቡልቡል አንድ ቀን ሳቀ። ሁለት ቀን ሳቀ። ሦስት ቀን ሳቀ። አልቃሽ ሲያለቅስ እርሱ ይስቃል፤ ሬሳ ሲወጣ እርሱ ይስቃል፤ ታጋሽ ከመቃብር ብቻዋን ስትመለስ በር ላይ የጠበቃት የእርሱ ሳቅ ነው። ተረት ነጋሪ ነኝና ብዙ ክፉ ነገር ተናግሬ አውቃለሁ። ይህቺን ስናገር ግን ምላሴ ይከብደኛል።

በሦስተኛው ቀን፣ በሠልስቱ፣ ንጉሥ አንበሳ ሊያስተዛዝን መጣ። ወረቀቱን አየ፣ ዓይኑ ቀላ። በብሳናው ሥር ችሎት ተቀመጠ፣ ፊደሉንም ከነመሳቢያው አስመጣ።

«ጦጢት፣ ምን ትያለሽ?»

«ከፍቅር ነው ያደረግሁት ጌታዬ» አለች ጦጢት፤ አለቀሰች።

«ድቡልቡል፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

«አቃጥሉኝ ጌታዬ» አለ ድቡልቡል። «አልከራከርም። እሳቱ ፊቴን ሲበላው ቢያንስ መሳቅ አቆማለሁ። ደክሞኛል።»

ንጉሡ አገጩን አከከ። «ፍርዱ የተበዳይ ነው» አለ። «ታጋሽ ትናገር።»

አህያ ለነገር አትቸኩልም። ታጋሽ ቀስ ብላ ተነሣች።

«በመጀመሪያው ቀን ጠላሁት» አለች። «በሁለተኛው ቀን ልቀደው ሄጄ ጉልበት አጣሁ። በሦስተኛው ቀን ግን ቀረብ ብዬ አየሁት። ጌታዬ፣ እኔ ከነዘሬ ጭነት ተሸካሚ ነኝ፤ የተጫነ ፊት አይጠፋኝም። ይህ ፊት ተጭኖ ነው። እናቴ ዕድሜ ልኳን ድንጋይ ተጫነች፣ እንጨት ተጫነች፣ ደንገል ተጫነች። ‹ይህን ትችያለሽ ወይ?› ብሎ የጠየቃት አንድም አልነበረም። እርሱ እንኳ አፍ አውጥቶ ተናግሮ ነበር አሉ፤ የሰማው ግን የለም። ስለዚህ አታቃጥሉት።»

«ታዲያ ምን እናድርገው?» አለ ንጉሡ።

«እኔ ዓመት ሙሉ ከል እለብሳለሁ። ዓመቱ ሲሞላ ከሌን አወጣለሁ። ያን ጊዜ አንድ ጭንቅ አለብኝ። ሐዘንተኛ ስትሆኑ ሰው ደጃችሁ ሲደርስ ድምፁን ይቀንሳል፣ ልጁን ዝም ያሰኛል። እንዲህ እያለ ይለምደዋል፣ ዓመቱ ቢያልፍም አይተውም። እኔ በየቤቱ እየዞርኩ ‹ሐዘኔ አበቃ፣ ከእንግዲህ ከእኔ ጋር ሳቁ፣ አጫውቱኝ› ልበል? አፌ አይችለውም። ያን ቀን እርሱ ይናገርልኝ። እስከዚያው ግን ይረፍ።»

«ይረፍ!» አለ ንጉሥ አንበሳ። ችሎቱም ተነሣ።

ጦጢት ድቡልቡልን በኑግ ዘይት አሸችው፣ በጨርቅ ጠቀለለችው፣ አስተኛችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕጉም በሰበዝ፣ መድኃኒቱም በሰበዝ፣ መርዶውም በሰበዝ ሆነ። ስድስት ወር ሳይሞላ ሰበዝ «ደከመኝ» አለ።

«የጠገበ ደከመኝ ይላል» አለው ድቡልቡል ከጨርቁ ውስጥ፣ እንቅልፍ በተጫነው ድምፅ።

ጦጢትም ሰው ሆነች። «በወፍራሙ አድርጊልኝ» የሚል ሲመጣ መጀመሪያ ትጠይቃለች። «ከሩቅ ነው ከቅርብ የሚታየው? ቃሉ ስንት ነው? ያየው ሰው ደጅህ ሲደርስ ምን ያገኛል?» ትላለች። በርኖስ ለብሶ የመጣ ፍየል ደጁ ባዶ ነበርና ሦስተኛውን ጥያቄ ሲሰማ ተናዶ ወጣ። ይውጣ! ጦጢት ለመጀመሪያ ጊዜ «እንቢ» ያለችው ያን ዕለት ነው፤ ቃሉ ጉሮሮዋን ከርክሯት ነበር አሉ።

ድቡልቡል ግን አርፎም አላረፈም። ድካሙ እንጨቱ ድረስ ዘልቆ ገብቷል። «መሳቅ ጠፍቶብኝ ቢሆንስ?» ይል ነበር። «ቀኑ ደርሶ ብወጣ፣ ፊቴ ብቻ ቢስቅ፣ ውስጤ ባዶ ቢሆን? ያቺ ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ በእኔ ብታፍር?» ይህን ለማንም አልነገረም።

ዓመቱ ሞላ። ታጋሽ መጣች።

«ቃሉ ስንት ነው?» አለች ጦጢት።

«አንድ።»

«ማን ይየው?»

«ማዶ ያለው ሁሉ። ማንበብ የማይችለውም።»

«ሲመጡ ምን ያገኛሉ? ሳቅ ነው ለቅሶ?»

«እኔ እንጃ» አለች ታጋሽ። «ገና ስቄ አላየሁም። ሲመጡ ነው የማውቀው።»

ጦጢት ከመሳቢያው አንዱን ብቻ አነሣች፤ ሌሎቹ ወንድሞቹ እንደተኙ ቀሩ። እሜቴ ማተሚያ እንኳ ትንፋሿን ይዛ ቀስ ብላ ነው የተጫነችው። በወረቀቱ ላይ ወፍራም፣ ክብ፣ ጥቁር ሆኖ ወጣ፤

ኑ

በታጋሽ አጥር ላይ ተሰቀለ። ረፋድ ሆነ፣ የመጣ የለም። ቀትር ሆነ፣ የመጣ የለም። ድቡልቡል ማዶውን ያያል። ማዶ የተሰበሰቡት እርሱን ያዩታል፤ ንቅንቅ ግን አይሉም።

«አምና እንዲሁ ሲስቅ አይተን ሄደን ተዋረድን» አለ አያ ጅቦ። «እኔ አንዴ አፍሬያለሁ፤ ሁለተኛ አላፍርም።»

«እውነቱን ነው» አሉ ዝንጀሮዎች፤ ጭራ የሌለው ደግሞ ከሁሉ በላይ ራሱን ነቀነቀ።

ድቡልቡል ይህን ሲያይ ልቡ ወደቀ። አንዴ በውሸት የሳቀን ማን ያምነዋል? ሊጮህ ፈለገ፤ አንዲት ቃል ብቻ ናት ያለችው፣ እርሷንም ብሎ ጨርሷል።

በዚህ ጊዜ በሩ ተከፈተ። ታጋሽ ነጭ ለብሳ ወጣች። አጥሩ ሥር፣ ልክ ከፊደሉ በታች መጥታ ቆመች፣ ቀና ብላም ወደ ማዶ አየች። ማዶ ያሉት ፊደሉን አዩ። ፊቷን አዩ። እንደገና ፊደሉን አዩ። ፊደሉና ፊቷ የሚሉት አንድ ነበር።

አያ ጅቦ ቀድሞ ተሻገረ። ከበሮ አልያዘም፣ ሳሕንም አልያዘም። ከበሩ ሲደርስ አንገቱን ሰበረ።

«ልግባ?» አለ ድምፁን ቀንሶ።

«ጮክ ብለህ ተናገር አያ ጅቦ» አለች ታጋሽ፣ «ዓመት ሙሉ ጮክ ብሎ ያናገረኝ የለም።»

«ልግባ ወይ?!» ብሎ ጮኸ አያ ጅቦ፤ እንደ ጅብ ጮኸ። ታጋሽ ሳቀች። ስትስቅ እንባዋ ወረደ፣ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ከማዶ ያሉትም ሁሉ ውሃውን እያንቦጫረቁ ተሻገሩ።

በላያቸው ላይ ድቡልቡል ሳቀ። ድካሙ ዛሬም አልለቀቀውም፤ እንዲያው ልዋሻችሁ አልችልም፣ የአንድ ዓመት እንቅልፍ ያን ሁሉ ድካም አይፈውሰውም። የዛሬው ግን ሥራውን ሠርቶ ቤቱ የገባ ሰው ድካም ነው። ያ ደግሞ ይጣፍጣል።

እኔም የተሸከምኩትን ተረት እዚህ አወረድኩ፤ የሚያነሣው ያንሣው። ቃል ሳይደርስ ፊቱ ይደርሳልና፣ ቃል የምትልኩ ሁሉ የምትልኩበትን ደጅ እወቁ። ያለ ደጁ የተላከ ሳቅ፣ ለሳቂውም ለተሳቀበትም ሸክም ነው።